አረፋ ሁሉ አያጸዳም

በስልክ ከሚዘዋወሩት የጓዳ ዘዴዎች ውስጥ የአቼቶና የቤኪንግ ሶዳ ድብልቅን ያህል የተወደደ የለም። የእቃ ማጠቢያው ቱቦ ሲደፈን፣ ምድጃ ላይ ዘይት ሲደርቅ፣ ድስት ሲያር መልሱ ያው ነው፦ ሶዳውን ነስንሱ፣ አቼቶውን አፍሱበት፣ ሲንቸፈቸፍ እዩ። መንቸፍቸፉ ለዓይን ደስ ይላል፤ ሥራ የሚሠራም ይመስላል። ነገር ግን አረፋው ሁለቱ ጉልበታቸውን እርስ በርስ እየጨረሱ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። አቼቶ አሲድ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ፣ ማለትም ቤዝ ነው። ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና የሚቀረው ውሃና ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ነው። በዚያ ፈሳሽ ድስት ማጠብ በተራ ውሃ ከማጠብ እምብዛም አይለይም። «ቱቦዬን ከፈተልኝ» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ምስጋናው የሚገባው መጨረሻ ላይ ለሚደፋው የፈላ ውሃ ይመስለኛል።

ሁለቱ ለየብቻቸው ሲሆኑ ግን ጎበዞች ናቸው። ጥያቄው «በምን ላጽዳው?» ሳይሆን «የተጣበቀው ነገር ምንድን ነው?» መሆን አለበት።

የድሬዳዋ ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲፈላ፣ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ባይካርቦኔት ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል፤ ይኼኛው ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ማሞቂያው ብረት ላይ ይለጠፋል። ይህ ድንጋይ ነው፤ ሳሙና ደግሞ የቅባት እንጂ የድንጋይ ጠላት አይደለም። በሽቦ መፈግፈግም ብረቱን ይጭረዋል። እዚህ ላይ ነው አቼቶ የሚያስፈልገው። አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ፣ ቅርፊቱን እስኪሸፍን ሞልቶ፣ አሙቆ ግማሽ ሰዓት ያህል መተው ነው። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ከቅርፊቱ ላይ እንደ አሸዋ የደቀቁ አረፋዎች ሲነሱ ይመለከታል። ይኼኛው አረፋ እውነተኛ ነው፤ ድንጋዩ እየሟሟ ጋዙን ሲለቅ የሚታይ ነው። ቅርፊቱ ሳያልቅ አረፋው ከቆመ አሲዱ ደክሟል ማለት ስለሆነ ደፍቶ በአዲስ መተካት ነው። አቼቶ ከሌለ ሎሚ ያንኑ ይሠራል። ታዲያ በዚሁ አቼቶ እብነ በረድ እንዳትወለውሉ፤ እብነ በረድም ካልሲየም ካርቦኔት ነውና ውበቱ አብሮ ይሟሟል።

ያረረና ቅባት የያዘ ድስት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚያስፈልገው ቤዝ ነው፤ ሶዳ በውሃ አፍልቶ ማሳደር። የአሉሚኒየም ድስት ግን ሶዳ ያጠቁረዋል፤ የጠቆረውን አሉሚኒየም ሎሚ ወይም ቲማቲም ቢያፈሉበት ይመልሰዋል። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ የሚሠሩት ያንኑ የቤዝ ሥራ ነበር። የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት አለው፤ እርጥብ ሲሆን ቅባቱን በከፊል ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፣ ደቃቁ ፍርፋሪም ይፈገፍጋል።

ሳሙና ሲነሳ እንዶድን ማለፍ አይቻልም። የእንዶድ ፍሬ በውሃ ሲታሽ የሚያስነሳው አረፋ ሳፖኒን ከሚባሉ ውህዶች የሚመጣ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ነበሩ። በዚህ መነሻ በተሠራው ምርምር እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። ስለዚህ የጓዳን ዘዴ «የአሮጊት ወሬ» ብሎ የሚንቅ ምሁር ካለ፣ ወንዝ ወርዶ ይይ እላለሁ።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የምጣድ ማሟሸት ነው። አዲስ ምጣድ ሸክላ ስለሆነ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ሊጡ እዚያ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እንጀራው አልነሳ ይላል። ባለሙያዋ ምጣዱን በደንብ ታግልና የተወቀጠ ጎመን ዘር ትነሰንስበታለች፤ ጭሱ እያስነጠሳት በጨርቅ ማሰሻ ደጋግማ ታሻዋለች። ከዘሩ የሚወጣው ዘይት በኃይለኛ ሙቀት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዙና ፈሳሽነቱን ይተዋል። ቀዳዳውን ደፍኖ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ይሆናል። ከፋብሪካ የሚመጣ የማይዝ መጥበሻ የሚሰጠውን ጥቅም በዘርና በእሳት ማግኘት ማለት ነው። ምጣድን በላርጎ ማጠብ የማይመከረውም ለዚህ ነው፤ ሸክላው ሳሙናውን ይመጥጣል፣ ሽፋኑም ይጎዳል። ማሰሻው በቂ ነው።

በርበሬ ሲቀነጥሱ ውለው እጃቸው የሚቃጠልባቸው ብዙዎች በውሃ ይታጠባሉ፣ ማቃጠሉም ይቀጥላል። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም፤ ዘይት ውስጥ ግን ይሟሟል። መጀመሪያ እጅን በምግብ ዘይት ማሸት፣ ቀጥሎ በሳሙና ማጠብ ነው። አፍን ላቃጠለ ሚጥሚጣም ከውሃ ይልቅ ወተት ወይም እርጎ ይሻላል። ሽንኩርትን ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዣ አስገብቶ በተሳለ ቢላ መክተፍ እንባን ይቀንሳል፤ አስለቃሹን ጋዝ የሚፈጥረው ኢንዛይም ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ የተሳለ ቢላም የሚጨፈልቀው ሴል ትንሽ ነው።

እስካሁን ያልናቸው ቢሳሳቱም የሚከስረው ሎሚ ወይም ሶዳ ነው። በረኪና ግን ሌላ ነው። «ሁለት ጠንካራ ነገር ቢቀላቀል የበለጠ ይጠነክራል» ብሎ በረኪና ላይ አቼቶ፣ ሎሚ ወይም አሲድ ያለበትን የሽንት ቤት ማጽጃ የሚጨምር ሰው ክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል፤ በ1915 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ ለጦርነት የተጠቀሙበት ጋዝ ነው። ጠባብ፣ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባን ለመጉዳት ብዙ አያስፈልገውም። ሽንት ባለበት ቦታ ላይ በረኪና መድፋትም ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ያስነሳል፤ አስቀድሞ በብዙ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። በረኪና የሚቀላቀለው ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ብቻ ነው። ሽታው ካፈናችሁ ሁሉን ትታችሁ ወደ ነፋስ ውጡ።

ደግሞም እባካችሁ በረኪናን በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጡ። ከላዩ ቢጻፍበትም ማንበብ የማይችል ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። የጠጣ ልጅ ካጋጠማችሁ እንዲያስታውክ ለማድረግ አትሞክሩ፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል። ዕቃውን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።