ፒንግ የማይመልስ ብሪጅ

ከአዲስ አበባ ፎቆች ቁልቁል የሚመለከት ሰው በየጣሪያው ላይ፣ ከሳተላይት ዲሹና ከውኃ ታንከሩ መሀል፣ በብረት ቱቦ የታሰረች ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን ማየቱ አይቀርም። ርዝመቷ ከክንድ አይበልጥም። ፊቷን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አዙራ ትቆማለች፤ ማዶ ደግሞ መሰሏ ወደ እርሷ ዞራለች። ክረምት ከበጋ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባት ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ኢንተርኔት የተቋረጠ ዕለት ግን የመጀመሪያዋ ተከሳሽ እርሷ ናት።

ይህ መሣሪያ ገመድ አልባ ብሪጅ ነው። ኬብል መዘርጋት በማይቻልበት ወይም በማያዋጣበት ቦታ የሁለት ሕንፃዎችን ኔትወርክ በሬዲዮ አገናኝቶ አንድ ያደርጋል። አስፋልት አስቆርጦ ፋይበር ከማስቀበር ሁለት ሬዲዮ ፊት ለፊት ማቆም ስለሚቀል እንግዳ ማረፊያው፣ ትምህርት ቤቱና መጋዘኑ ይወዱታል። የዩቢኪቲ ናኖስቴሽን፣ የቲፒሊንክ ሲፒኢ510 እና የላትቪያው ማይክሮቲክ ምርቶች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። በትክክል የተገጠመ ብሪጅ ለዓመታት ድምፁን ሳያሰማ ይሠራል፤ ምስጋና የማያገኘውም ምናልባት ለዚሁ ነው።

«ራውተሩ ብሪጁን አያገኘውም» የሚል አቤቱታ ሲመጣ መብራት መኖሩንና ኬብል መሰካቱን ማየት የማንም ሰው የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ ቀለም መጨረስ አያስፈልግም። ኤሌክትሪክን በዚያው የኔትወርክ ኬብል ስለምታሳልፈው የፖኢ ትንሽ ሣጥን ግን አንድ ነገር መባል አለበት። ሁለት ቀዳዳ አላት፤ ፖኢ የሚለው ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ ላን የሚለው ወደ ራውተሩ ይሄዳል። ይህ በላይዋ ላይ ተጽፎ እያለ የሚያገላብጠው ሰው ብዛት ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፖኢ ደረጃ ኃይል ከመልቀቁ በፊት ማዶ ያለው መሣሪያ ኤሌክትሪክ ተቀባይ መሆኑን ፈትሾ ያረጋግጣል። ከብዙዎቹ ርካሽ ብሪጆች ጋር የሚመጣው ባለ 24 ቮልቱ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ነው የሚለቀው። ስለዚህ ኬብሉ ሲገለበጥ ከመቋረጡም አልፎ የራውተሩ ቀዳዳ ሊቃጠል ይችላል።

ቀጥሎ የአድራሻ ጉዳይ ይመጣል። ናኖስቴሽን ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 192.168.1.20 ነው፣ የቲፒሊንኩ ሲፒኢ 192.168.0.254፣ ማይክሮቲክ ደግሞ 192.168.88.1። ቤት ውስጥ ያለው የፋይበር ሞደም ብዙ ጊዜ 192.168.100.1 ይሆናል። ራውተሩ 192.168.1.20ን ፈልግ ሲባል «በእኔ ሰፈር እንዲህ ያለ አድራሻ የለም» ብሎ ጥያቄውን ወደ ኢንተርኔት በኩል ያስወጣዋል፤ ጥያቄውም እዚያው ይቀራል። ብሪጁ ሦስት ሜትር ኬብል ርቀት ላይ፣ በሙሉ ጤንነት፣ ተቀምጧል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፒንግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚለውን የሙከራ መልእክት፣ ካልመለሰ አይሠራም ብሎ ይደመድማል። ብሪጅ ግን መረጃ ለማስተላለፍ አይፒ አድራሻ አያስፈልገውም። የሚያሳልፈው ፍሬም የሚባለውን የመረጃ ጥቅል ነው፤ ፍሬሙን የሚመራውም በየመሣሪያው ላይ በፋብሪካ የታተመው ባለ 48 ቢት ማክ አድራሻ ነው። አይፒው ባለሙያው ገብቶ ቅንብሩን እንዲያይበት የተሰጠ በር ብቻ ነው። በሩ ተቆልፎ እያለ ድልድዩ ላይ ትራፊኩ ሊያልፍ ይችላል።

ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ እንግዳ ማረፊያ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዓይኑ ያየው ይህንኑ ነው። የብሪጁን ሲግናል እንዲያይ የተጠራ ወጣት ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ደጋግሞ ፒንግ አድርጎ፣ በመጨረሻ ለማረፊያው ባለቤት ፍርዱን ነገራቸው።

«እትዬ፣ ብሪጁ ሞቷል። አዲስ መግዛት ነው።»

«እንዴት ይሞታል ልጄ? ማዶ ቤት ያሉት እንግዶች እኮ ይኸው አሁን ከልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ እያወሩ ነው!»

ወጣቱ ሄዶ አየ፤ እውነትም እያወሩ ነበር። ራውተሩ በቅርቡ በሌላ ተተክቶ የአድራሻው ሰፈር ተቀይሯል፤ ብሪጁ የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ሥራውን ቀጥሏል። ሴትየዋ ዝም ቢሉ ኖሮ ጤነኛ ዕቃ ወርዶ ሌላ ጤነኛ ዕቃ ይወጣ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ብልሽት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የሚያጓጓ፣ ከሁሉም ይበልጥ ችላ የተባለ ነው። ሁለቱም ሬዲዮዎች ፒንግ ይመልሳሉ፣ ሲግናሉ ከመቀነስ 60 ዲቢኤም የማያንስ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከማዶው ሬዲዮ ጀርባ ያሉት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ከራውተሩ ጋር አይገናኙም። ወይም ይባስ ብሎ ግማሾቹ ይገናኛሉ፣ ግማሾቹ አይገናኙም። ቋሚ አድራሻ የተሰጠው ፕሪንተር ያትማል፤ አድራሻ ከራውተሩ የሚለምነው ስልክ ግን «አይፒ በማግኘት ላይ» ብሎ ይቀራል። ባለቤቱ መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ኬብሉን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የዋይፋይ ደረጃ፣ በ802.11 አሠራር ውስጥ ነው።

የዋይፋይ ፍሬም እስከ አራት የማክ አድራሻ የሚይዝ ቦታ አለው፤ ተራው ዋይፋይ የሚጠቀመው ግን በሦስቱ ብቻ ነው። ስልክ ከአክሰስ ፖይንት ጋር ሲያወራ ሦስቱ ይበቃሉ፦ አክሰስ ፖይንቱ፣ ስልኩ፣ እና መልእክቱ የሚሄድበት ወይም የመጣበት ሦስተኛው ወገን። ስልኩ ራሱ ተቀባይም የጉዞው መጨረሻም ነውና ትርፍ መስመር አያስፈልገውም። ከስልኩ ቦታ ብሪጅ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሁን የሚቀበለው ሬዲዮ አንድ፣ መልእክቱ የተላከለት ፕሪንተር ሌላ ነው። የሚልከው ሬዲዮ፣ የሚቀበለው ሬዲዮ፣ ዋናው ላኪ፣ ዋናው ተቀባይ፤ አራት ስም በሦስት መስመር አይጻፍም።

በመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ደብዳቤ ሲቀበል የኖረ ሰው ችግሩን ቶሎ ይረዳዋል። ፖስታው ላይ የሣጥን ቁጥሩ ብቻ ካለና ስም ከሌለ የማን እንደሆነ መገመት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ዕዳ ነው። የማዶው ሬዲዮም እንዲሁ ይገምታል። ከጀርባው ያሉትን ሁሉ በራሱ ማክ ስም እየላከ፣ መልስ ሲመጣ በውስጡ ያለውን አይፒ አይቶ ለባለቤቱ ያከፋፍላል። አይፒ ያለው ፕሪንተር በዚህ ዘዴ ይስተናገዳል። ገና አይፒ እየለመነ ያለ ስልክ ግን የሚታወቅበት ምልክት የለውም፤ ራውተሩ መልሱን በቀጥታ ወደ ስልኩ ማክ ከላከው፣ በራውተሩ በኩል ያለው ሬዲዮ፣ ማለትም አክሰስ ፖይንቱ፣ ያን ማክ ስለማያውቀው ይጥለዋል። አንዳንድ አምራቾች ለዚህም ብልሃት አበጅተዋል፣ ግን ሁሉም አይደሉም።

ምልክቱን ለማየት የትኛው አይፒ የየትኛው ማክ እንደሆነ የሚመዘገብበትን የራውተሩን የአርፕ ሠንጠረዥ መክፈት ይበቃል። ማዶ ያሉ መሣሪያዎች አይፒያቸው የተለያየ፣ ማካቸው ግን አንድ ዓይነት ከሆነ ብሪጁ ብሪጅ አይደለም፤ አስመሳይ ነው። ተጠቃሚን በማክ የሚዘጉ ካፌዎችና ማረፊያዎች በዚህ የተነሳ ጉድ ይሆናሉ፦ አንዱን አስቸጋሪ እንግዳ ዘጋሁ ብለው የማዶውን ሕንፃ በሙሉ ይዘጋሉ።

መፍትሔው አራተኛውን መስመር ማስከፈት ነው። በዩቢኪቲ የቆዩ ሞዴሎች ደብሊዩዲኤስ የሚል ምርጫ አለ፤ በሁለቱም ወገን መመረጥ አለበት። በማይክሮቲክ «ስቴሽን ብሪጅ» የሚለው ይህንኑ ይሠራል፤ «ስቴሽን ሱዶብሪጅ» የሚለው ግን ያው በግምት የሚያከፋፍለው ነው፤ ስማቸው ስለተቀራረበ ብቻ የሚመርጥ ሰው በኋላ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። ሊኑክስማ አቋሙን ግልጽ አድርጓል፦ አራት አድራሻ ያልተፈቀደለትን የዋይፋይ ስቴሽን ወደ ብሪጅ ለማስገባት ሲሞከር ከርነሉ አሻፈረኝ ይላል። ችግሩ፣ ደረጃው የፍሬሙን ቅርጽ እንጂ ሁለት ሬዲዮዎች በዚያ ለመነጋገር እንዴት እንደሚስማሙ ስላልደነገገ፣ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ሄዷል። «ስቴሽን ብሪጅ» ማዶ ሌላ ማይክሮቲክ ካልጠበቀው አይሠራም። «አንዱ ርካሽ ስለሆነ» ብሎ ሁለት የተለያየ ብራንድ የሚገዛ ሰው የቆጠበውን ብር ለባለሙያ ይከፍላል።

መጠባበቂያ እንዲሆን ብለው ብሪጅ ባለበት ላይ ኬብል የሚጨምሩ ጥንቁቆችም አሉ። ሁለት መንገድ ሲኖር ፍሬሙ መዞር ይጀምራል፣ እየተባዛ ኔትወርኩን ይሞላዋል፣ ራውተሩም ማንንም መስማት ያቅተዋል። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ዴክ በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ስትሠራ የፈጠረችው ስፓኒንግ ትሪ ትርፉን መንገድ ራሱ ይዘጋል፤ ግን በቅንብሩ ውስጥ መከፈት አለበት።

ስለ ዕይታ መስመር ብዙ ተብሏል። ማዶው በዓይን መታየቱ ብቻ እንደማይበቃ ግን ይታወቅ፦ በ5.8 ጊጋኸርዝ አንድ ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሞገድ መሀል ላይ በዙሪያው ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ክፍት ቦታ ቢኖር መልካም ነው። አምና አጭር የነበረው ባሕር ዛፍ ዘንድሮ እዚያ ውስጥ ይገባል።

የሪሴት ነገር ደግሞ ያስቆጣል። ራዳር በሚጠቀምባቸው የ5 ጊጋኸርዝ ቻናሎች ላይ ብሪጁ ሲነሳ ቢያንስ ለ60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት፤ ደንብ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው በሠላሳኛው ሰከንድ ላይ «አሁንም አልመጣም» ብሎ ይነቅለዋል፤ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ ብሶበት ቁልፉን ተጭኖ ይይዝና ቅንብሩን በሙሉ ያጠፋል፤ የአራተኛው አድራሻ ምርጫም አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ብሪጁ የፋብሪካ አድራሻው ያልተቀየረ ናኖስቴሽን ከሆነ፣ ላፕቶፕን በፖኢ ሣጥኗ ላን ቀዳዳ ላይ ቀጥታ ሰክቶ፣ ለራሱ 192.168.1.50 የሚል አድራሻ ሰጥቶ፣ 192.168.1.20ን መጥራት ይሻላል። ከመለሰ ጣጣው ከሬዲዮው ወዲህ፣ ወደ ራውተሩ በኩል ነው። ሬዲዮው ፒንጉን እየመለሰ የቅንብር ገጹ ብቻ አልከፈት ካለ ግን ሌላም ጥርጣሬ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 አንድ ኮምፒውተር ትል ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ የዩቢኪቲ ሬዲዮዎችን እየዞረ ወርሯል፤ ከገባ በኋላ በፋየርዎል ሕግ ባለቤቱን ከራሱ ቅንብር ገጽ ያስወጣ ነበር። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ወራት አልፈውት ነበር፤ ጣሪያ ላይ ላሉት ሣጥኖች ግን የጫነላቸው አልነበረም።