በከሚሴ ዙሪያ፦ ከሸራ ወደ ቤት ያልተሻገረው ድጋፍ

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ባለፉት ዓመታት በርካታ ቤተሰቦችን ቤት አልባ ያደረገው ግጭት ነው። የዞኑ መቀመጫ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ትገኛለችና በአካባቢው ሰላም በደፈረሰ ቁጥር የሚሸሹ ሰዎች ከሚያርፉባቸው ከተሞች አንዷ ናት።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ዞኑና ሰሜን ሸዋ በሚዋሰኑበት አካባቢ የተነሳው ግጭት ከሁለቱም ወገን ሰው አፈናቅሏል፤ የአጣዬ ከተማም ተቃጥላለች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት ራሷ ከሚሴ ድረስ ዘለቀ። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአጣዬና በጀውሃ አካባቢ ግጭቱ አገረሸ። እንደገና ጎጆ የቀለሰ ቤተሰብ ዳግም ጓዙን ጥሎ የሚሸሽበት ሁኔታ የተፈጠረው እንዲህ ነው።

ኢትዮጵያ ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የተደረገውን የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ ተፈናቃዮችን የመጠበቅና የመርዳት ቀዳሚ ኃላፊነት የመንግሥት መሆኑን ይደነግጋል። ሆኖም በተግባር ድጋፉ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፦ እህል፣ ሸራ፣ ብርድ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ። ለመጠለያ የሚውሉት ትምህርት ቤቶችም ለተማሪ መለቀቅ አለባቸው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት እህል ይመዘበራል በሚል የምግብ እርዳታውን በመላ አገሪቱ ሲያቋርጡ፣ የተፈናቃዩ ዕለታዊ ምግብ ምን ያህል በውጭ ለጋሽ ላይ እንደተንጠለጠለ በግልጽ ታየ።

ከሁሉ የሚከፋው ዘመድ ቤት የተጠጋው ሰው ዕጣ ነው። በመጠለያ ጣቢያ ያለው ቢያንስ ለቆጠራ ይመቻል፤ በአንድ ክፍል ከሁለትና ከሦስት ቤተሰብ ጋር የተዳበለው ግን ከመዝገብ በቀላሉ ይወድቃል፣ አስጠጊውም አብሮት ይደኸያል። ለእነዚህ አስጠጊዎች የሚሰጥ የቤት ኪራይና የቀለብ ድጎማ ከድንኳን ያነሰ ትኩረት ሊያገኝ አይገባም።

ወደ ቀዬ መመለስም ለሁሉም እኩል አይደለም። የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ ቆርቆሮ፣ እንጨትና ምስማር ቢያገኝ፣ ደኅንነቱም ቢረጋገጥ፣ በነበረበት ቦታ ቤቱን ሊያቆም ይችላል። በከተማ ተከራይቶ ይኖር የነበረው ግን የሚመለስበት ቦታ የለውም። የቀበሌ ቤት ነዋሪም ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆኖ የቆየ ስለሆነ መልሶ ግንባታውን የሚጠብቀው ከአስተዳደሩ ነው። ስለዚህ ጉዳት ሲመዘገብ ከባለቤቱ ጎን ተከራዩና ደባሉም መጻፍ አለባቸው፤ የግንባታ ዕቃውም በዞኑና በሰሜን ሸዋ ባሉ ቀበሌዎች በአንድ ወቅት፣ በአንድ መለኪያ መታደል ይኖርበታል። አንዱ ወገን ተረስቶ ሌላው ቢሠራለት ቅሬታው ለሚቀጥለው ግጭት ምክንያት ይሆናል።