መሐል ላይ የቆመ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፦ ካቆመበት ይቀጥል ወይስ ከዜሮ ይጀምር?

አርባ ኮምፒውተሮች ባሉበት ቤተ ሙከራ ለእያንዳንዳቸው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በእጅ መጫን ምን ያህል አሰልቺ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ቋንቋው፣ ሰዓቱ፣ የዲስኩ አከፋፈል፣ የይለፍ ቃሉ አርባ ጊዜ ይጠየቃል። ከድካሙም በላይ በሃያኛው ኮምፒውተር ላይ የሚሰጠው መልስ ከመጀመሪያው የተለየ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የሊነክስ አዘጋጆች መልሶቹን ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ፋይል ጽፎ ለመጫኛው ፕሮግራም የማቀበልን ዘዴ አበጁ። ሬድ ሃት ይህን ፋይል «ኪክስታርት» ሲለው ዴቢያን «ፕሪሲድ» ይለዋል። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጫኛውንና የመልስ ፋይሉን በኔትወርክ ከሰርቨር ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ የሰው እጅ አያሻውም።

አስቸጋሪው ጥያቄ የሚነሣው ሥራው መሐል ላይ ሲቆም ነው። መብራት ይቋረጣል፣ የኔትወርክ ገመድ ይላላል፣ ወይም አንድ የፕሮግራም ጥቅል ተበላሽቶ ይደርሳል። ሰማንያ በመቶ ላይ የደረሰን ሥራ ከዜሮ መጀመር የሚያስቆጭ ነው፤ ካቆመበት ቢቀጥልስ?

የፊዚክስ ተማሪዎች ስለ ሂስተሪሲስ ተምራችኋል። ብረት በማግኔታዊ መስክ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የሚቀርበት ማግኔትነት አለ። ስለዚህ አሁን ያለውን መስክ ብቻ ለክቶ የብረቱን ሁኔታ መናገር አይቻልም፤ ያለፈበትን ታሪክም ማወቅ ያስፈልጋል። ታሪኩ ካልታወቀ መፍትሔው ታሪኩን ማጥፋት ነው፤ ለምሳሌ ብረቱን ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አግሎ ከውጭ መስክ ርቆ ማቀዝቀዝ። መሐል ላይ የቆመ ዲስክም እንዲሁ ነው። የክፍልፋዮቹ ሰንጠረዥ አዲስ ሊሆን፣ ግማሾቹ ጥቅሎች ተፈትተው ገና ሳይዋቀሩ፣ ማስነሻው ፕሮግራም ደግሞ ጭራሽ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። በዚህ ላይ የተቀጠለ ሥራ ውጤቱ በመልስ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን መብራቱ በጠፋበት ቅጽበትም ይወሰናል። ከባዶ ዲስክ ሲጀመር ግን የመነሻው ሁኔታ ለሁሉም አንድ ነው።

እርግጥ መቀጠል ሁልጊዜ አይከለከልም። ቀድሞ የተጫነና በሥራ ላይ ያለ ዴቢያን ማሻሻያ ሲጭን ቢቋረጥ፣ ጥቅሎቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም የትኛው «ግማሽ የተጫነ»፣ የትኛው «ግማሽ የተዋቀረ» እንደሆነ መዝግቦ ስለሚይዝ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ማስቀጠል ይቻላል። ልዩነቱን የሚያመጣው መዝገቡ ነው።

ይሁን እንጂ እጃችሁ ወደ ማብሪያና ማጥፊያው ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አለ፤ እኔም ከሁሉ ይበልጥ የማሳስበው ይህንኑ ነው። መጫኛው እያንዳንዱን እርምጃ ይመዘግባል፤ ግን በሥራው ወቅት ይህን መዝገብ የሚይዘው በጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ወደ ዲስክ የሚገለበጠው ሥራው ሲጠናቀቅ ስለሆነ፣ ከሽፎ የቆመን ኮምፒውተር ማጥፋት ብቸኛውን ማስረጃ ማጥፋት ነው። በዴቢያን የጽሑፍ መጫኛ ኦልትና ኤፍ4 በአንድነት ሲነኩ መዝገቡ በስክሪኑ ላይ ይታያል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች ጻፏቸው፤ ወይም ፋይሉን ወደ ፍላሽ ገልብጡት።

መዝገቡ ከተያዘ በኋላ ከዜሮ መጀመር እንደ ሙከራ ድግግሞሽ ያገለግላል። መጫኛው በተደጋጋሚ በአንድ ጥቅል ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ስሕተቱ ሥርዓታዊ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ይመርመር። በየጊዜው በተለያየ ቦታ የሚቆም ከሆነ ግን ገመዱን፣ ማኅደረ ትውስታውን ወይም ዲስኩን መጠርጠር ይገባል። ጥያቄ አቅርቦ መልስ እየጠበቀ ከቆመ ደግሞ በመልስ ፋይሉ ውስጥ የተዘለለ መልስ አለ፤ ይህ ቀላሉ ነው። በሁለት ሙከራዎች መካከል ሁለት ነገር የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ሙከራውም በአንድ ኮምፒውተር ይደረግ፤ ሠላሳ ዘጠኙ ይጠብቁ።

«ባዶ ዲስክ» ስንል ግን ምን ያህል ባዶ? በኪክስታርት ፋይል ውስጥ ክፍልፋዮችን ሁሉ የሚሰርዘው ትእዛዝ የዲስክ ስም ካልተጠቀሰለት መጫኛው የሚያገኛቸውን ዲስኮች ሁሉ ያጠፋል። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘበትን ውጫዊ ዲስክ ሰክቶ ቢሄድ ያም አብሮ ይሄዳል። ማረጋገጫ የሚጠይቅ የለም፤ መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቷልና። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ የሚጠፋውን ዲስክ በስም መጥቀስ፣ የማያስፈልገውን መንቀል ያሻል።

በመጨረሻም የመነሻ ቅደም ተከተሉ ይታይ። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ከኔትወርክ እንዲነሣ ከተደረገና ሰርቨሩም ለእያንዳንዱ ጥሪ መጫኛውን የሚልክ ከሆነ፣ ሥራውን ጨርሶ ዳግም ሲነሣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጭናል፤ ከዚያም እንደገና። አንድ ኮምፒውተር ሥራውን ሲጨርስ የሰርቨሩ መመሪያ «ከዲስክ ተነሣ» ወደሚል ካልተለወጠለት፣ ማታ ተትቶ የተሄደው ቤተ ሙከራ ጠዋትም በመጫን ላይ ሆኖ ይገኛል።