በፕላስተር የተሸፈነ ካናቴራ

ልጁ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በ2004 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት፣ ከፀረ ጦርነት ሰልፍ ላይ የገዛትን ካናቴራ በሳምንት አንድ ቀን ገደማ እየለበሰ ለሁለት ወር ያህል ትምህርት ቤት ተመላለሰ። ካናቴራዋ ላይ የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ፊት በዶሮ ገላ ላይ ተቀጥሏል፤ ዙሪያውን የኮኬይንና የመጠጥ ብርጭቆ ሥዕል አለ። የማይስማሙ ተማሪዎች ተከራከሩት እንጂ ትምህርት የተቋረጠበት ቀን አልነበረም። በኋላ አንድ ወላጅ አይቶ አቤት አለ። ትምህርት ቤቱም ልጁን ወይ ቀይር፣ ወይ ገልብጠህ ልበስ፣ ካልሆነም የዕፁንና የመጠጡን ሥዕል ሸፍን አለው። ልጁ ሥዕሎቹን በፕላስተር ሸፈነ፤ ፕላስተሩ ላይ ደግሞ «ሳንሱር ተደርጓል» ብሎ ጻፈበት።

ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ሚድልቦሮ ውስጥ ሌላ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ፆታ ሁለት ብቻ ነው» የሚል ካናቴራ ለብሶ መጣ። አውልቅ ሲባል እምቢ አለና ወደ ቤቱ ሄደ። በሌላ ቀን ያንኑ ካናቴራ ለብሶ ተመለሰ፤ «ሁለት ብቻ» የሚሉት ቃላት ግን ተሸፍነው ነበር። ከላዩ የተጻፈው ያው የቨርሞንቱ ልጅ ቃል ነው።

ሁለቱ ልጆች በፖለቲካ ሰማይና ምድር ናቸው፤ ያቀረቡት ክስ ግን አንድ ነው። የመጀመሪያው ረታ፣ ሁለተኛው ተረታ። አንድ ሕገ መንግሥት እንዴት ሁለት መልስ እንደ ሰጠ ለመረዳት ወደ 1965 መመለስ ያስፈልጋል።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ፣ በአዮዋ ግዛት ዴ ሞይን ከተማ ጥቂት ተማሪዎች ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ለማሰር ተስማሙ። በቬትናም ጦርነት ለሞቱት ለማዘንና ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ የደገፉትን የገና ተኩስ አቁም ለመደገፍ ነበር። የሐዘን ከል ለሚያውቅ የአገራችን ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ጥቁር ጨርቅ ያለ ቃል ይናገራል። ርዕሳነ መምህራኑ ወሬውን አስቀድመው ሰምተው ስለነበር ተሰብስበው ከለከሉ። የ13 ዓመቷ ሜሪ ቤት ቲንከር፣ የ15 ዓመቱ ወንድሟ ጆንና የ16 ዓመቱ ክሪስቶፈር ኤክሃርት ግን አስረው መጡ፤ ታገዱም። ጦርነቱን የሚደግፈው ሰው ብዙ ነበርና ቤተሰቡ ዛቻ ደረሰበት፤ ቤታቸው ላይ ቀይ ቀለም ተደፋ።

ክሱ ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለትምህርት ቤቱ ፈረደ፤ የይግባኙ ዳኞች እኩል ለእኩል ተከፈሉ። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካቲት 24 ቀን 1969 በ7 ለ2 ድምፅ ለልጆቹ ፈረደ። ዳኛ ኤብ ፎርታስ የጻፉት ፍርድ ተማሪም ሆነ መምህር የመናገር መብቱን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውልቆ አይገባም የሚል ነው። ትምህርት ቤቱ መከልከል የሚችለው ንግግሩ ትምህርቱን በእርግጥ የሚያውክ ወይም የሌላውን ተማሪ መብት የሚነካ ሲሆን፣ ወይም እንደዚያ እንደሚሆን የሚያሳምን ምክንያት ሲኖረው ነው። «ይረብሽ ይሆናል» የሚል ፍርሃት ብቻውን አይበቃም። ፍርዱ አንድ ነገር በተለይ ታዝቧል፦ ያው ትምህርት ቤት የምርጫ ምልክቶችን፣ የናዚዎችን ዘመን የሚያስታውሰውን የብረት መስቀል እንኳ ፈቅዶ ነበር፤ የከለከለው ጥቁሩን ጨርቅ ብቻ ነው። ከ18,000 ተማሪዎች የታገዱት አምስት ናቸው። ዳኛ ሁጎ ብላክ ግን ተቆጥተው የልዩነት ሐሳባቸውን ጻፉ፤ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ፈቃድ የሚመሩበት ዘመን መጣ ብለው ሰጉ።

ይህ የ«ረብሻ» መለኪያ የመጣው ከሚሲሲፒ ጥቁር ተማሪዎች ደረት ላይ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። በ1964 መኸር፣ ፊላዴልፊያ በምትባለው የሚሲሲፒ ከተማ፣ ተማሪዎች «አንድ ሰው አንድ ድምፅ» የሚል የደረት ምልክት አድርገው መጡ። በዚያው ክረምት፣ በዚያው አካባቢ ሦስት የሲቪል መብት ታጋዮች ተገድለው አስከሬናቸው ከአፈር ግድብ ሥር ተቆፍሮ ወጥቷል። ምልክቱን ማድረግ የልጅ ጨዋታ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ አገዷቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ1966 ያወኩት ትምህርት የለም ብሎ ፈረደላቸው። ያው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በሌላ የሚሲሲፒ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ምልክት ያደረጉትን ተማሪዎች ጥፋተኛ አለ። በዚያኛው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ምልክቱን ላልፈለጉ ልጆች ደረት ላይ ይሰኩ፣ በየኮሪደሩም ይጯጯሁ ነበር። ምልክቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የለያያቸው በማስረጃ የታየው ምግባር ነው። ከዚያ በኋላ የተሰጡትን ፍርዶች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

ከ1969 በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መብቱን እየሸረፈ ሄደ። በ1986 በትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ የሚነገር ጸያፍ ንግግርን፣ በ1988 በትምህርት ቤቱ ስም የሚወጣ ጋዜጣን፣ በ2007 ደግሞ አላስካ ውስጥ የኦሊምፒክ ችቦ ሲያልፍ የተዘረጋውንና ዕፅን ያበረታታል የተባለውን ጨርቅ ለትምህርት ቤቶች ቁጥጥር ሰጠ። በ2021 ግን ከትምህርት ቤት ውጭ፣ ቅዳሜና እሑድ በስልኳ ለጻፈችው ስድብ ከደጋፊ ቡድን የታገደችን ተማሪ በ8 ለ1 ድምፅ ደገፈ።

ልብስን በተመለከተ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከጥቁሩ ጨርቅ ወዲህ አንድም ጉዳይ ወስዶ አልፈረደም። ሸክሙ የወደቀው በይግባኝ ፍርድ ቤቶች ላይ ነው፤ መልሱም እንደየክልሉ ይለያያል። የቨርሞንቱን ልጅ ጉዳይ ያየው ፍርድ ቤት በ2006 የዕፅ ሥዕሉ ጸያፍ አይደለም፣ ረብሻም አልታየም ብሎ ፕላስተሩን አስነሣለት። በ2013 ደግሞ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሌላ ፍርድ ቤት፣ ለጡት ካንሰር ግንዛቤ የተሠራ፣ ጡትን በቀልድ ስም የሚጠራ የእጅ አምባር ያደረጉ ሁለት ልጃገረዶችን ደገፈ፤ ቃሉ አሻሚ ቢሆንም የሚናገረው ስለ ኅብረተሰቡ ችግር ነው አለ።

ነገሩ የሚከረው ዘርና ማንነት ሲገባበት ነው። የባርነት ደጋፊዎች የነበሩትን የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ ለብሰው የመጡ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ይረታሉ፤ በባንዲራው ሰበብ ጥል በታየባቸው ትምህርት ቤቶች ክልከላው ትክክል ይመስለኛል። ቢሆንም በ2001 ኬንታኪ ውስጥ በታየ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ለባንዲራው ለባሾች ዕድል ሰጥቷል፤ ሌሎች ተማሪዎች የማልኮም ኤክስን ምልክት ሲለብሱ ዝም ተብለዋል ብለው ነበርና። አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል ዴ ሞይንም የተሸነፈበት ነጥብ ነው።

ልቤን ያላሳመነው የካሊፎርኒያው ነው። በ2010፣ ሞርጋን ሂል ከተማ በሚገኘው ላይቭ ኦክ ትምህርት ቤት፣ ሜክሲኳውያን በሚያከብሩት የግንቦት 5 በዓል ቀን ጥቂት ተማሪዎች የአሜሪካን ባንዲራ ያለበት ካናቴራ ለብሰው መጡ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግጭት ነበርና ምክትል ርዕሰ መምህሩ ገልብጣችሁ ልበሱ ወይ ወደ ቤት ሂዱ አሏቸው። ፍርድ ቤቱ በ2014 ትምህርት ቤቱን ደገፈ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አልወሰደም። ለልጆች ደኅንነት የተጨነቀን ርዕሰ መምህር አልወቅስም። ነገር ግን ሊመታ የዛተው ወገን ዝም ተብሎ፣ ሊመታ የተፈራው ልጅ ልብሱን እንዲያወልቅ ሲታዘዝ የሚዝት ሁሉ ምን እንደሚማር ግልጽ ነው።

ወደ ሚድልቦሮ ልመለስ። ያንን ካናቴራ እኔ ለልጄ አልገዛም። በመዝገቡ ውስጥ በዚያው ትምህርት ቤት ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ወይም የሞከሩ፣ በፆታ ማንነታቸው የሚሣቀቁ ልጆች እንደነበሩ ተጽፏል፤ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2024 ሰው የሆነበትን፣ ሊለውጠው የማይችለውን ነገር የሚያዋርድና የትምህርቱን አየር ይመርዛል ተብሎ በምክንያት የሚገመት መልእክት፣ ማንንም በስም ባይጠራም ሊከለከል ይችላል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2025 ጉዳዩን አልወስድም ሲል ዳኞች አሊቶና ቶማስ ተቃወሙ። ቅሬታዬ ይህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ራሱ በፆታ ማንነት ጉዳይ ላይ መልእክቱን ሲያስተላልፍ ነበር፤ ልጁ ለዚያ መልስ ሰጠ። አንድን ጥያቄ ትምህርት ቤት ካነሣው ልጅ ሊመልስበት ይገባል። የሚሣቀቁትን ልጆች መጠበቅ የሚቻለው ማን ምን እንዳለ፣ ማንን እንዳሸበረ በማስረጃ ሲታይ ነው፤ ግምት ከማስረጃ ፊት ከተሰለፈ ነገ ያው ግምት የእነዚያኑ ልጆች ካናቴራ ያስወልቃል።

ዩኒፎርም ሌላ ጉዳይ ነው። የ1969ኙ ፍርድ ስለ ቀሚስ ርዝመትና ስለ ጠጉር አልናገርም ብሎ ራሱ ለይቷል፤ ሁሉንም እኩል የሚያለብስ ደንብ በአብዛኛው ፍርድ ቤት ያልፋል። በ2022 ግን ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ልጃገረዶች ቀሚስ ብቻ እንዲለብሱ የሚያስገድድ ደንብ ወድቋል፤ የወደቀው በመናገር መብት ሳይሆን በእኩልነት ሕግ ነው። የጠጉሩ ጉዳይ ለእኛም ይቀርባል። በ2019 በካሊፎርኒያ የተጀመረው ሹሩባንና ድሬድን ከመድልዎ የሚጠብቅ ሕግ በብዙ ግዛቶች ወጥቷል፤ ሆኖም በ2024 አንድ የቴክሳስ ዳኛ ሕጉ ስለ ጠጉር ርዝመት አይናገርም ብለው የታገደውን ተማሪ አላስጠለሉትም።

በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በሚኒሶታ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ የአገራችን ወላጆች ይበልጥ የሚያሳስባቸው ማተብ፣ መስቀልና ሂጃብ ነው። ለእነርሱ የሚጠቅሙ ሁለት ጉዳዮች አሉ። በ1997 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የካቶሊኮችን መቁጠሪያ የወሮበላ ቡድን ምልክት ነው ብሎ ሲከለክል ፍርድ ቤቱ ደንቡን ሽሮ ልጆቹን ደገፈ። በ2004 ደግሞ ኦክላሆማ፣ መስኮጊ ውስጥ ኮፍያ በሚከለክል ደንብ ሰበብ በሂጃቧ የታገደች የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ጉዳይ ላይ የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ገብቶ ትምህርት ቤቱ ደንቡን ለማስተካከል ተስማማ። እነዚህ የሕገ መንግሥት ጥበቃዎች የሚሠሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ ልጁን በግል ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ የሚያነበው ሕገ መንግሥቱን ሳይሆን የፈረመውን ውል ነው። የሃይማኖት ምክንያት ያለው ወላጅ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርብ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በእነዚህ ክሶች የረዳው ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው።

ሜሪ ቤት ቲንከር አድጋ የሕፃናት ነርስ ሆነች፤ በ2013 ከተማ ለከተማ እየዞረች ለተማሪዎች ስለ መብታቸው ማውራት ጀመረች። ከምትነግራቸው ነገሮች አንዱ እዚህ ጽሑፍ ላይ እስካሁን ያላነሣሁት ነው። በዚያ ታኅሣሥ ቀን ቢሮ ተጠርታ ጨርቁን ፍቺ ስትባል ፈርታ ነበር፤ ፈታችው፣ ሰጠቻቸውም። ወደ ክፍሏ መለሷት። ትንሽ ቆይተው ግን ጠርተው አገዷት።