ማስታወሻው ስለ ማን ይሁን?

ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ማስታወሻ የሚይዙ ልጆች አይጠፉም። ማን ተጎዳ፣ ማን በሜዳው ያሸንፋል እያሉ ይጽፉና ትኬት ይቆርጣሉ። በኢንተርኔት ፖከር የሚጫወቱም ስለ ተጋጣሚያቸው እንዲሁ ይመዘግባሉ። በፖከር ተጋጣሚው ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ማስታወሻው ሊጠቅም ይችላል። በስፖርት ውርርድ ግን ተጋጣሚው ሒሳቡን አስቀድሞ የሠራው አወራራጅ ቤት ነው። ዕድላቸው እኩል ለሆነ ሁለት ውጤቶች ለእያንዳንዳቸው 1.90 ከሰጠ፣ በሁለቱም ላይ መቶ መቶ ብር ያስያዘ ሰው 200 አውጥቶ 190 ይቀበላል። እንዲህ ያሉ አምስት ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ሲደረደሩ ደግሞ ከ100 ብር በአማካይ 23 ያህሉ ለቤቱ ይቀራል።

በነርስነት ስንሠራ የበሽተኛውን ሙቀትና የልብ ምት በየሰዓቱ የምንጽፈው ትውስታ ስለሚያታልል ነበር። በቁማርም የተገኘው ይወራል፣ የተበላው ይረሳል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት ደብተር ስጡት። ቀኑን፣ የከፈለውንና የተመለሰለትን ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ አብራችሁ ደምሩ። ድምሩን አይቶም ማቆም ካቃተው፣ ወይም ተበድሮና ተደብቆ የሚጫወት ከሆነ፣ ነገሩ ብልግና ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የቁማር ሱስን ከአእምሮ ጤና ችግሮች መድቦታል። ደብተሩን አስይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።