ከበሩ ስር ያለው ኤምጂቢ

አሮጌ ስፖርት መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮፈኑ ላይ ነው። ኤምጂቢ የተባለውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የሚያውቁ ግን ተንበርክከው ከበሩ ስር ይደባብሳሉ። ሞተሩ ቢደክም ይታደሳል፤ የመኪናውን ዕድሜ የሚወስነው ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ፣ ከበሩ ስር የተዘረጋው የላሜራ ሳጥን ነው። ደፍ እንበለው።

ከኤምጂቢ በፊት የነበረው ኤምጂኤ አካሉ ሻንሲ ላይ የተጫነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ወጥቶ እስከ 1980 ድረስ አቢንግደን በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተው ኤምጂቢ ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ሸክሙን የሚችለው ላሜራው ራሱ ነው። ጣሪያው ሸራ የሆነው ዓይነት ደግሞ ክዳኑ እንደተነሳ ካርቶን ነው፤ ወገቡ እንዳይሰበር የሚይዘው በዋናነት ደፉ ነው። ደፉም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም፤ የውጭና የውስጥ ላሜራ፣ በመካከላቸው የቆመ ማጠንከሪያ፣ ከስር ደግሞ ሌላ መያዣ አለው።

ጠላቱ ከፊት ጎማ ይነሳል። ጎማው የሚረጨው ጭቃ ፓራፋንጎው ውስጥ ይጠራቀማል፤ የእንግሊዝ ክረምት ደግሞ በረዶ ለማቅለጥ አስፋልት ላይ የሚበተን ጨው ይጨምርበታል። ዝገት ከበላው ብረት ይበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፣ በተጣበቁ ሁለት ላሜራዎች መካከል ሲገባ እያበጠ ይፈለቅቃቸዋል። ከውጭ ቀለሙ አረፋ ሲያወጣ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል። በዚያ ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም የቀባ ሻጭ አታላይ ነው፤ ለዚህ ሌላ ስም የለኝም።

ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሊጠግነው የተነሳ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ግራይንደሩን ቶሎ አለማንሳት ነው። መኪናው ደልዳላ ወለል ላይ፣ ጠንካራ ካቫሌቶ ላይ ይቀመጣል። በሩ ሳይወልቅ ዙሪያውን ያለው ክፍተት ይለካል፣ ይጻፋል። ከዚያ የበሩን የፊትና የኋላ ምሰሶ የሚያገናኝ ብረት ይበየዳል። ይህ ካልተደረገ፣ ደፉ በተቆረጠ ጊዜ አካሉ ይጎብጣል፤ አዲሱ ደፍ በዚያው ላይ ከተበየደ መኪናው እንደጎበጠ ይቀራል፣ በሩም ዳግመኛ በወጉ አይዘጋም። ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ መቁረጥማ ጭራሽ አይታሰብም።

የፊት ፓራፋንጎው በብሎን የታሰረ ስለሆነ ይፈታል። የኋላው ግን የተበየደ ነው፤ የደፉ ጫፍ ከስሩ ስለሚገባ ታችኛው ክፍሉ መቆረጡ አይቀርም። የፋብሪካው የነጥብ ብየዳ እየተፈለገ በድሪል ይፈታል፣ የተበላው ላሜራ የሚያብረቀርቅ ጤናማ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል። አዲሱ ቁራጭ ቦታው ላይ በፒንሳ ተይዞ፣ በሩና ፓራፋንጎው ተገጥመው ክፍተቱ ከተጻፈው ልኬት ጋር ይመሳከራል። ልክ ከመጣ በኋላ ነው ቁራጩ በሚግ የሚበየደው፣ ያውም ምንጣፉና ወንበሩ ወጥተው፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ የእሳት ማጥፊያው እጅ ስር ሆኖ። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ ሙቀት አይችልም፤ አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንዱ ራቅ ብሎ እዚያ እየተባለ ካልተበየደ ይጣመማል።

ጥገና የማያድነው ሬሳም አለ። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 በፋብሪካው የቀድሞ የላሜራ ማተሚያዎች አዲስ ሙሉ አካል መሥራት ጀመረ። ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ እሱን ቢገዛ ይሻለው ነበር፤ ግን ሂሳብ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያውኑ ኤምጂቢ ስር አይተኛም።

ብየዳው አልቆ ቀለሙ ሲደርቅ፣ ደፉ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ሰም ይረጫል። ሰሙ ከስር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳይደፍናቸው በሽቦ ወጋ ወጋ ማድረግ ያስፈልጋል።