ለክፉ ቀን የተሰናዳ ብስክሌት

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃፓንን የመታው ርዕደ መሬት ቶኪዮን አላፈረሳትም፤ ባቡሮቿን ግን አቆመ። በከተማዋና በዙሪያዋ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዕለቱ ወደ ቤታቸው መመለስ አቃታቸው። ብዙዎች ለሰዓታት በእግራቸው ተጓዙ። ቀድመው ያሰቡት ብስክሌት መሸጫ ፍለጋ ሮጡ፤ በበርካታ ሱቆችም ያለው ሁሉ በዚያው ምሽት አለቀ።

እኛም በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ፣ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ ከአልጋችን አስነስቶናል። ሌሊት ስለነበረ ልጆቻችን አጠገባችን ነበሩ። ቀን ቢሆንስ? መሥሪያ ቤትዎ ቦሌ፣ የልጅዎ ትምህርት ቤት ስድስት ኪሎ ቢሆን፣ ስልኩ እምቢ ቢል፣ መንገዱም በመኪና ቢታነቅ በምን ይደርሳሉ? በእግር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ነው። በብስክሌት፣ ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ጭነት ይዘውም 12 እና 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ዳገቱ ላይ ወርደው ቢገፉ እንኳ ከእግረኛው ይቀድማሉ፤ ቁልቁለቱ የእርስዎ ነውና።

ለዚህ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ሰፊ ጎማና በርካታ ማርሽ ያለው፣ ያገለገለም ቢሆን ጤነኛ የሆነ ይበቃል። ከሁሉም በፊት ጎማውን ይመልከቱ። በጉዞ መካከል ብዙውን ጊዜ የሚያስቆመን እሱ ነው። የመንፊያው አፍ እንደ መኪና ጎማ ሰፊ ከሆነ ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋልዎታል፤ ቀጭኑ ግን የራሱን መንፊያ ይፈልጋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የጎሚስታውም ማሽን ስለሚቆም የእጅ መንፊያ ከብስክሌቱ አይለይ። ልኩ የሆነ ትርፍ ከመነዳሪ (ሁለት ቢሆን ይመረጣል)፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ጎማ ማውጫ፣ ፒንሳና የቡሎን መፍቻ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ከኮርቻው ሥር ይሰሩ። ጎማ ፈትቶ መግጠምን ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ከልጆችዎ ጋር ይለማመዱት። ያልተለማመዱት መሣሪያ ጭነት ብቻ ነው።

ፍሬኑን በጭነት ይፈትኑት። ባዶውን በደንብ የሚቆም ብስክሌት 20 ኪሎ ሲጫንበት፣ በዚያ ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርድ ሌላ ፍጡር ይሆናል። ያለቀ የፍሬን ላስቲክ ካለ ዛሬውኑ ይቀየር።

ጭነትን በተመለከተ ከአህያ ጫኞቻችን የምንማረው አለ፦ ግራና ቀኙ ይመጣጠን፣ ዝቅ ይበል። በትከሻ የሚታዘል ሻንጣ ሚዛን ያስታል፤ ወገብም ይጎዳል። ከኋላ ብረት መጫኛ አስገጥመው ሁለት ቦርሳ ጎንና ጎን ያንጠልጥሉ። ብዙዎቹ መጫኛዎች እስከ 25 ኪሎ ይችላሉ፤ በላዩ የተጻፈውን ያንብቡ። ለማሰሪያ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክን የሚያህል የለም፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። የልጅ መቀመጫ የሚያስገጥሙ ከሆነ የኋላው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 22 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የተሠራ ነው፤ ቀበቶውና ሄልሜቱ አይቀሩም።

ምን ይያዝ? አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ጀሪካን ሙሉ መሸከም አይታሰብም። ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት ሊትርና የውኃ ማከሚያ ይበቃል። ለስንቅማ ማን እንደኛ! በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፤ አይከብዱ፣ እሳት አይፈልጉ፣ ቶሎ አይበላሹ። ከውጭ የሚገቡት የታሸጉ «የአደጋ ጊዜ» ብስኩቶች ዋጋቸው ከበሶ የሚበልጥበት ምክንያት አይታየኝም። በተረፈ የዝናብ ልብስ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብና የመታወቂያ ቅጂ ይያዙ። በቤት ውስጥ የስኳር ወይም የደም ግፊት ታማሚ ካለ፣ የጥቂት ቀን መድኃኒታቸው ከሁሉም በላይ ይቀድማል። ኢንሱሊን ሙቀት ስለማይወድ ከጉዞው በፊት በመጨረሻ የሚነሳ ዕቃ ይሁን፤ የት እንዳለም የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ።

የመሰብሰቢያ ቦታውን ሳይስማሙ ግን ይህ ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው። ስልክ ባይሠራ ልጆቹን ማን ያወጣል? እማማን ማን ያያል? የት እንገናኛለን? በወረቀት ተጽፎ አንዱ ቅጂ በልጁ ቦርሳ፣ አንዱ ከኮርቻው ሥር ይቀመጥ። ከዚያም አንድ እሑድ ጠዋት፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት፣ ቦርሳዎቹን ሞልተው ከመሥሪያ ቤትዎ እስከ ትምህርት ቤቱ ይንዱ። ሰዓት ይያዙ። የትኛው ዳገት እንደሚያስወርድዎት፣ የትኛው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ክረምት ላይ በጎርፍ እንደሚዘጋ የሚያውቁት ያን ዕለት ነው።